የመጀመሪያዋን የቤተሰብ ካራቫን ገዝቶ መጎተት፦ ከሚዛኑ እስከ ካምፑ

እዚህ እንግሊዝ በጋ ሲገባ መንገዱ በነጫጭ ካራቫን ይሞላል። ለዓመታት ከኋላቸው ተሰልፌ፣ «እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን ካልጎተቱ መዝናናት አይችሉም እንዴ?» እያልኩ አጉረመርም ነበር። ዘንድሮ ከኋላዬ የሚያጉረመርሙት ሌሎች ናቸው። ሦስት ልጆች ይዞ ለሆቴል ሁለት ክፍል መክፈል ሲሰለቸን ያገለገለች ካራቫን ገዛን።

የመጀመሪያዋን ግን አጣናት። ባለቤቴ መጋረጃውን ወደደች፣ ልጆቹ ተደራራቢ አልጋው ላይ ወጥተው አልወርድም አሉ፣ እኔም ቀብድ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ቁጥር ሳሰላ መኪናችን ልትጎትታት አትችልም። ቀብዱ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ከአልጋውና ከመጋረጃው በፊት ሚዛን።

የምነግራችሁ የብሪታንያውን ነው። ጀርመን ወይም ስዊድን ያላችሁ ሕጉን ከየአገራችሁ አመሳክሩ።

ሚዛን ይቅደም

መንጃ ፈቃድ ብዙም አያስጨንቅም። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 16 ቀን 2021 ወዲህ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ ተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ያለ ተጨማሪ ፈተና እስከ 3,500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ መጎተት ይችላል። ፈተናው ቀረ ማለት ግን ችሎታው አብሮ መጣ ማለት አይደለም። የካራቫን ክለቦች አጫጭር ኮርስ ይሰጣሉ። እኔ አንድ ቀን ወስጄ አልተጸጸትኩም።

አሁን የመኪናችሁን በር ክፈቱ። በሩ አጠገብ ወይም ኮፈኑ ሥር አራት ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር መኪናዋ ሙሉ ጭነት ይዛ መመዘን የምትችለው ነው። ሁለተኛው መኪናና ተሳቢ አንድ ላይ ነው። ሁለተኛው 3,600፣ የመጀመሪያው 2,100 ቢሆን፣ መኪናዋ ሙሉ ጭና 1,500 ኪሎ ትጎትታለች ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ጭራሽ ከሌለ መኪናዋ ለመጎተት አልተፈቀደችም። አንዳንድ ትንንሽና ኤሌክትሪክ መኪኖች እንዲህ ናቸው።

ጀማሪ ግን እስከ መጨረሻው ባይጠጋ ይሻላል። እዚህ የተለመደው ምክር ካራቫኗ ተጭና ከባዶ መኪናዋ ክብደት 85 በመቶ አትለፍ የሚል ነው። መኪናዋ 1,600 ኪሎ ከሆነች 1,360 አካባቢ ላይ ታቆማላችሁ። ይህ ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን ከባድ ካራቫን ቀላል መኪናን በንፋስ ቀን ወደፈለገው እንደሚወስደው አይቻለሁ።

ካራቫኗም በሯ አጠገብ የራሷ ቁጥሮች አሏት፦ ከፋብሪካ ስትወጣ የምትመዝነውና ተጭና መመዘን የምትችለው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የእናንተ ጭነት ነው። የኛ 160 ኪሎ ነው። ብዙ ይመስላል። ባትሪው፣ የበር ላይ ድንኳኑ፣ የአምስት ሰው ልብስ፣ ሁለት ብስክሌት፣ ረከቦቱ ከነሲኒው... ሳናውቀው አለቀ። ውሃ ሞልታችሁም አትጓዙ። የተለመደው ተንከባላይ በርሜል 40 ሊትር ይይዛል፤ 40 ኪሎ ማለት ነው። ካምፑ ውስጥ ውሃ ሞልቷል።

ስትገዙ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ሂዱ

ያገለገለ ካራቫን ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው። ገብታችሁ በሩን ዝጉና አሽትቱ። ምድር ቤት ምድር ቤት ከሸተተ ውጡ። ካልሸተተ የግድግዳውን ማዕዘኖችና የመስኮቶቹን ሥር በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉ። የሚሰረጉድ ካለ እንጨቱ በስብሷል። ሻጩ «ትንሽ ናት፣ በሲሊኮን ትሞላለች» ይላችኋል። አትሞላም።

ጎማው አዲስ ቢመስልም ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ተሠርቷል። የካራቫን ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ቆሞ ያረጃል። አምስት ዓመት ካለፈው የአዲስ ጎማ ዋጋ ከክፍያው ላይ አስቀንሱ። መስኮቶቹ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከሰነዱ ጋር መመሳሰሉንም ተመልከቱ፤ የተሰረቀ ካራቫን መግዛት አለና።

ማያያዝ

ጋንቾው፣ ማለት መኪናው ኋላ የሚገጠመው ጫፉ ኳስ የሆነ መጎተቻ፣ ለመኪናችሁ ሞዴል የተፈቀደ መሆን አለበት፤ ባለሙያ ያስገጥመው። ካራቫኗ ከመኪናችሁ ኋላ ከሰፋች ተጨማሪ ስፖኪዮ ግዴታ ነው። ያለዚያ እስከ 1,000 ፓውንድ ቅጣትና መንጃ ፈቃድ ላይ እስከ 3 የቅጣት ነጥብ አለ። የመኪናችሁ ታርጋ ቁጥር ካራቫኗም ኋላ ይለጠፋል።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይኸውላችሁ። የካራቫኗ የእጅ ፍሬን ተይዞ መኪናውን ቀስ ብላችሁ ኳሱ ከካራቫኗ አፍንጫ መያዣ ሥር እስኪደርስ ወደ ኋላ አምጡ። የፊት ትንሿን ጎማ እያጠነጠናችሁ መያዣውን ኳሱ ላይ አውርዱት። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ድምፁን ብቻ አትመኑ። ትንሿን ጎማ መልሳችሁ ወደ ታች አጠንጥኑና የመኪናው ቂጥ አብሮ ከፍ ሲል ተመልከቱ። ከፍ ካለ ይዟል። ኳሱን ለቆ ካራቫኗ ብቻ ከተነሳች ደግሞ እንደገና ጀምሩ። ቀጥሎ ቀጭኑን የአደጋ ሽቦ መኪናው ላይ እሰሩ። ካራቫኗ መንገድ ላይ ብትላቀቅ የራሷን ፍሬን የሚስብላት እሱ ነው። ከዚያ ባለ 13 እግሩን ሶኬት ሰኩ። ትንሿን ጎማና አራቱን የማዕዘን እግሮች ሰብስቡ። ጋዙን ዝጉ፣ የጣሪያ መስኮቱንም። አንድ ሰው ኋላ ቆሞ ፍሬቻና የፍሬን መብራት ይይላችሁ። የእጅ ፍሬኑ መጨረሻ ላይ ይለቀቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰባተኛ አካባቢ ጋራዥ ያደገ ወዳጄ ሊረዳኝ መጥቶ፣ ደረቅ ብረት ሲያይ አላስችል ብሎት ኳሱን ግራሶ ሊቀባልኝ ነበር። እጁን ያዝኩት። የዛሬ ካራቫኖች አብዛኞቹ ኳሱን ጨምቆ ይዞ መወዛወዝን የሚቀንስ ማያያዣ አላቸው። ግራሶ ከነካው መያዙ ቀረ። ኳሱ ንጹሕና ደረቅ ይሁን።

ጭነትና መንገድ

ከባዱን ዕቃ ከጎማዎቹ በላይ፣ ወለሉ ላይ አስቀምጡ። ቀላሉ ወደ ላይ። ኋላ ምንም ከባድ አይሂድ። የካራቫኗ አፍንጫ ኳሱ ላይ የሚጫነው ከተጫነች ክብደቷ ከ5 እስከ 7 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከመኪናው ወሰን ግን አይለፍ። ቤት ባለው የሰው ሚዛን ላይ ቁራጭ እንጨት አቁማችሁ መለካት ትችላላችሁ።

ፍጥነቱ በተራ መንገድ በሰዓት 50 ማይል፣ በሞተርዌይና መሃሉ ላይ አካፋይ ባለው መንገድ 60 ነው። ሦስት መስመር ባለው ሞተርዌይ ላይ የቀኙ መስመር ለእናንተ አልተፈቀደም። ልጆች ካራቫኗ ውስጥ ተኝተው አይጓዙም፤ ክልክል ነው።

ካራቫኗ እንደ ጅራት መወዛወዝ ከጀመረች እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ፍሬን አትርገጡ፣ በመሪ አትከራከሯት። ፍጥነቱ ሲወርድ ራሷ ትረጋለች። ከዚያ የሚያቆም ቦታ ስታገኙ ጭነቱን አስተካክሉ።

መንገዱንም ቀድማችሁ እዩት። ሸፊልድ አካባቢ ላለን ፒክ ዲስትሪክት የሚባለው ኮረብታማ ብሔራዊ ፓርክ ቅርብ ነው። እዚያ ካስልተን መንደር ደርሳችሁ ወደ ምዕራብ ስትቀጥሉ ግን የስልኩ ካርታ ዊናትስ ፓስ ወደሚባል ጠባብ ገደል ይመራችኋል። ዋናው መንገድ በመሬት መንሸራተት እ.ኤ.አ. በ1979 ተዘግቶ ቀርቷል። የዊናትስ ዳገት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ለካራቫን አይሆንም፣ ዙሩ።

ኋላ ማርሽ

ትዳር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልጋችሁ እሁድ ጠዋት ተለማመዱ። እጃችሁን መሪው ግርጌ ላይ አድርጉ። ካራቫኗ ወደ ግራ እንድትሄድ ከፈለጋችሁ እጃችሁን ወደ ግራ ውሰዱ። ጥቂት ብቻ። መታጠፍ ስትጀምር መሪውን መልሱና ተከተሏት። ከተጣመመች ወደ ፊት ሂዱ፣ ቀጥ በሉ፣ እንደገና ጀምሩ። ረዳታችሁ ሁልጊዜ በስፖኪዮ የምትታያችሁ ቦታ ላይ ትቁም። ባለቤቴ የሲኖትራክ ረዳት ሆና «ና፣ ና፣ ና፣ ግራ ስበር፣ በቃ!» እያለች ጎኑን ስትደበድብ ጎረቤቶቻችን ሻይ ይዘው ወጥተው ያዩን ነበር።

ካምፑ ላይ

መጀመሪያ በግራና ቀኝ ካራቫኗን አስተካክሉ፤ ቀጥሎ በትንሿ የፊት ጎማ ከፊትና ኋላ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ታኮ አድርጉ፣ የማዕዘን እግሮቹን አውርዱ። እግሮቹ ክሪክ አይደሉም፤ ካራቫን አያነሱም፣ እንዳትወዛወዝ ይደግፋሉ እንጂ።

የመብራት ገመዱን በሙሉ ዘርጉት፤ ተጠቅልሎ ከቀረ ይግላል። ብዙ ካምፖች 10 ወይም 16 አምፒር ይሰጣሉ። 10 አምፒር 2.3 ኪሎዋት ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ትልቁ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ መብራቱን ያጠፋባችኋል። እንጀራውን ጋግራችሁ ሂዱ።

ቡናው ደግሞ በጋዝ ምድጃ ይፈላ። ከሰል ካራቫን ውስጥ አታስገቡ፣ ድንኳኑም ውስጥ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆንም፣ በሩ ክፍት ቢሆንም። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ እንዲህ ባለ ጠባብ ቦታ የተኛን ቤተሰብ ይገድላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ግዙና በየጉዞው ተጭናችሁ ሞክሩት። ዕጣኑም ውጭ ይጨስ፤ የጭስ ማንቂያው ካምፑን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጡ ከቤት ግማሽ ሰዓት አትራቁ፣ አንድ ሌሊት ይበቃል። አንድ ነገር መርሳታችሁ አይቀርም። እኛ የቀዩን የፕሮፔን ጋዝ ጠርሙስ መፍቻ ረሳን። የብሎኑ ጥርስም የግራ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር የሚፈታ፣ ስለሆነ በእጅ ስታገል የነበረው ለካ እያጠበቅሁት ነው። ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ የራሳቸውን መፍቻ ይዘው መጡና ወደ ቀኝ አዞሩት። እኛም ቡና ጠራናቸው።