ፉርፉራል ሲያንስ፦ ካታሊስቱን ከመውቀስ በፊት

ከቆረቆንዳ ወይም ከሰጋቱራ ለነዳጅ መነሻ የሚሆን ፉርፉራል ሲወጣ፣ ምርቱ ካነሰ መጀመሪያ የሚወቀሰው ካታሊስቱ (ምላሹን የሚያፋጥነው አሲድ) ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ሂሳቡ ይቅደም፦ 150 ግራም ዛይሎስ (ፉርፉራል የሚሆነው የተክሉ ስኳር) ከ96 ግራም በላይ ፉርፉራል አይሰጥም፤ ቀሪው ውሃ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በፈሳሹ ውስጥ የቀረውን ዛይሎስ ይለኩ። መንገዱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ዛይሎሱ እንዳለ ነው

አሲዱን አመድ በልቶታል። በተክሉ ውስጥ ያለው ፖታሲየምና ካልሲየም የፈሳሽ አሲድን ኃይል ይሰብራል፤ በጠጣር ካታሊስት ላይ ደግሞ አሲድ የሚያደርገውን የፕሮቶኑን ቦታ ይቀማል። ለማረጋገጥ የተፈጨውን ጥሬ ዕቃ ከአሲዱ ጋር ሳያሞቁ 30 ደቂቃ ያማስሉና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ይለኩ። ከ1 ወደ 2 ከወጣ ከአሲዱ አሥር እጅ ዘጠኙ ጠፍቷል። መፍትሔው ጥሬ ዕቃውን በለብታ 0.1 ሞላር አሲድ ዘፍዝፎ በተጣራ ውሃ ማለቅለቅ ነው። አያፍሉት፤ ዛይሎሱን የያዘው ሄሚሴሉሎስ አብሮ መሟሟት ይጀምራል።

ፒኤቹ ካልተነካ ቴርሞሜትሩን ይጠርጥሩ፤ የፈሳሹን ሳይሆን የግድግዳውን ሙቀት እየለካ ሊሆን ይችላል። በንጹህ ውሃ ብቻ፣ አየሩን ካስወጡ በኋላ፣ 170 ዲግሪ ላይ የግፊት መለኪያው 7 ባር ገደማ ማሳየት አለበት። 5 ካሳየ ውሃው ያለው 159 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ዛይሎሱም የለም፣ ፉርፉራሉም የለም

ክዳኑ ሲከፈት ግድግዳው ላይ ጥቁር ቅርፊት ከተጣበቀ ፉርፉራሉ ተሠርቶ ጠፍቷል። አሲዳማ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ከራሱና ከስኳሩ ጋር እየተያያዘ ሂዩሚን (ያ ጥቁር ቅርፊት) ይሆናል። ሂዩሚን ወደኋላ አይመለስም፤ ያለው ዘዴ ፉርፉራሉን እንደተፈጠረ ከውሃው ማሸሽ ነው። ለ1 እጅ ውሃ 2 እጅ ሜቲል አይሶቡቲል ኬቶን (ከውሃ ጋር የማይዋሃድ ማሟሚያ) ይጨምሩ፤ ውሃው እስኪጠግብ የገበታ ጨው ይሟሟበት፤ ጨው ፉርፉራሉን ወደ ላይኛው ንብርብር ይገፋዋል። የሚሞቅበት ዝግ ዕቃ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላ፣ አየሩም በናይትሮጅን ይውጣ። ሰዓቱ ሲደርስ በበረዶ ውሃ ያቀዝቅዙ። ጨውና አሲድ በዚህ ሙቀት የማይዝግ ብረትን እንኳ ይበሳሉ፤ ያለ ቴፍሎን ወይም ብርጭቆ ሽፋን አይሞከር።

ቅርፊቱ ትንሽ ሆኖ ምርቱ ከጠፋ፣ ዕቃው ሳይበርድ ተከፍቶ ይሆናል፤ ፉርፉራል ከእንፋሎት ጋር ያመልጣል።

መጀመሪያ ሠርቶ በኋላ የደከመ

ካታሊስቱ ዜኦላይት (ባለ ጥቃቅን ቀዳዳ ማዕድን) ከሆነ ጥላሸት ለብሷል። በአየር ውስጥ በደቂቃ 2 ዲግሪ እየጨመሩ እስከ 550 ያድርሱና 5 ሰዓት ያቃጥሉ። ከዚያም ካልነቃ ፖታሲየም ነው፦ በ1 ሞላር አሞኒየም ናይትሬት በ80 ዲግሪ ይዘፍዝፉ፣ ናይትሬቱ ጨርሶ እስኪወጣ ይጠቡ፣ እንደገና ያቃጥሉ። አምበርሊስት 15 የተባለው የሙጫ (ሬዚን) ካታሊስት ግን የሚችለው እስከ 120 ዲግሪ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከመነሻውም አይሆንም።

አሲዱ ከካታሊስቱ እየሟሟ መሆኑን ለማየት ምላሹ ግማሽ ላይ ሲደርስ በትኩሱ ያጣሩና ፈሳሹን ብቻ መልሰው ያሙቁ። ፉርፉራል መጨመሩን ከቀጠለ የሚሠራው የሟሟው አሲድ ነው። ዛይሎስ በ170 ዲግሪ ያለ ካታሊስትም በዝግታ ስለሚለወጥ፣ ካታሊስት የሌለበት ሙከራ ጎን ለጎን ካልተሠራ ይህ ፈተና ያሳስታል።