የፓስፊክ ደሴቶችን ሚሲዮናዊና ነጋዴ በመዝገብ ውስጥ እንዴት እናገኛለን?

ኑኩላኤላኤ የምትባል ደሴት አለች። ዛሬ የቱቫሉ አካል ናት። ካርታ ላይ ለማየት ራሱ ደጋግሞ ዙም ማድረግ ይጠይቃል። ግን ስለዚች ኩርማን መሬት ሚሲዮናውያንም ነጋዴዎችም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽፈዋል። እሷን ይዘን ፍለጋው እንዴት እንደሚሄድ እንይ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ስሙን አጣሩ። በድሮው መዝገብ ቱቫሉ የለችም፣ ያለችው ኤሊስ ደሴቶች ናት። ኪሪባቲ ጊልበርት፣ ቫኑዋቱ ኒው ሄብሪዲስ፣ ኒዌ ሳቬጅ ትባል ነበር። የእኛዋ ኑኩላኤላኤ ደግሞ ሚቸል ነበረች። በዛሬው ስም ብቻ ሰርች አድርጎ «ምንም የለም» ብሎ መተው የጀማሪ ስህተት ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ፣ ሁለት ቀን በልቶብኛል።

ቀጥሎ የምትፈልጉት ሚሲዮናዊ ወይም ነጋዴ የማን ሰው እንደነበረ ጠይቁ። ወረቀቱ የሚገኘው እሱ በኖረበት ደሴት ሳይሆን ደመወዙን በከፈለው ክፍል ዘንድ ነውና። በ1795 የተመሠረተው የለንደን ሚሲዮን ማኅበር ወረቀቶች ለንደን፣ ሶአስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው። ፊጂና ቶንጋ የሠሩት ሜቶዲስቶች ከሆኑ ሲድኒ ሚቸል ቤተ መጻሕፍትን ማየት ነው (ከደሴቷ ጋር የስም መመሳሰል ብቻ ነው)። የአሜሪካው ቦርድ የተባለው የሚሲዮን ድርጅት ወረቀቶች ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። በርንስ ፊልፕ የተባለውን ትልቅ የንግድ ኩባንያ የሚፈልግ ካንቤራ ይሂድ። የእንግሊዝ የምዕራብ ፓስፊክ ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ከ1877 ጀምሮ የያዛቸው ፋይሎች ደግሞ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ክስ የተነሳበት ወይም ንብረት ትቶ የሞተ ነጋዴ እዚያ የመገኘት ዕድል አለው።

የአውሮፕላን ትኬት ግን ገና አትቁረጡ። ከ1948 እስከ 1997 አውስትራሊያውያን እንግሊዝ ውስጥ ያለውን መዝገብ በማይክሮፊልም ሲገለብጡ ኖረዋል። ከ10,000 በላይ ጥቅል ነው። የለንደኑ ማኅበር ደብዳቤዎችም አሉበት። አሁን ትሮቭ በተባለው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል። የኒውዚላንዱ ድረ ገጽ ፔፐርስ ፓስት ደግሞ የድሮ ጋዜጦችን ይዟል፣ የሳሞአ ጋዜጦችን ጨምሮ። እኔ የምጀምረው ሁሌም ከጋዜጣው የመርከብ ዜና ነው። የትኛዋ መርከብ መቼ ገባች፣ ማንን አሳፍራ ወጣች? ቀኑን አንዴ ካገኛችሁ የደብዳቤውን ሳጥን መገመት ይቀላል።

ቀን ስል ግን ተጠንቀቁ። እኛ ከሁለት ካላንደር ጋር የምንታገል ሰዎች ይህን ቶሎ እንረዳለን። ሳሞአ በ1892 ከዓለም አቀፉ የቀን መስመር (ቀኑ የሚለወጥበት ምናባዊ መስመር) ወደ ሌላው ጎን ስትዞር ጁላይ 4ን ሁለቴ አክብራለች። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ጉዳይ የጻፉት በአንድ ቀን ቢለያይ አንዱ ዋሽቷል ብላችሁ አትቸኩሉ።

አሁን ወደ ንባቡ። ወረቀት ለመቆጠብ ገጹን ሞልተው፣ አዙረው በላዩ ላይ አግድም የጻፉበት ደብዳቤ ያጋጥማችኋል። ሲያዩት ወንፊት ነው። መላው፣ ምስሉን አዙሮ አንዱን አቅጣጫ ብቻ መከተል ነው። ሌላው መስመር ቀስ በቀስ ከዓይን ይጠፋል። የነጋዴው ሒሳብ ደግሞ ፓውንድ፣ ሺሊንግና ፔኒ ነው፦ 20 ሺሊንግ 1 ፓውንድ፣ 12 ፔኒ 1 ሺሊንግ። ኮፕራ የሚል ካያችሁ የደረቀ የኮኮናት ሥጋ ማለት ነው፣ ዘይት የሚጨመቅበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሚነበበውን ማመን አለማመን ነው። ሪፖርት ጽፎ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ሚሲዮናዊው የሚጽፈው ገንዘብ ለሚልኩለት ሰዎች ነው፣ ነጋዴው ለአለቃው። አንዱ ሌላውን ደግሞ ብዙም አይወደውም። ስለዚህ ነጋዴውን በሚሲዮናዊው ወረቀት፣ ሚሲዮናዊውን በነጋዴው ወረቀት ፈልጉ።

ኑኩላኤላኤ ላይ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ1861 የማኒሂኪ ደሴት ዲያቆን ኤሌካና ታንኳው በማዕበል ተወስዳ ስምንት ሳምንት ተንሳፎ እዚያ ደረሰ፣ ማስተማርም ጀመረ። ከዚያ ሳሞአ ሄዶ ማሉዋ በሚባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ። በ1863 የፔሩ መርከቦች መጥተው ሕዝቡን አታለው ጫኑ። 300 ገደማ ከነበሩት የቀሩት ከ100 በታች እንደነበሩ ተጽፏል። በ1865 መሪ (Murray) የተባለ ሚሲዮናዊ ኤሌካናን ይዞ ሲመጣ ያገኘው ይህን ነው። በዚያው ዓመት ለሃምቡርጉ ጎደፍሮይ ኩባንያ የሚሠራ አንድ ካፒቴን ኒዩኦኩ የተባለችውን የደሴቷን ክፍል ለ25 ዓመት ተከራየ። የደሴቷ ሰዎችና ኩባንያው ለዓመታት በውሉ ተከራክረዋል። የሚሲዮኑን ፋይል ብቻ ያነበበ ስለ ቤተ ክርስቲያን መተከል ያውቃል፣ የኩባንያውን ብቻ ያየ ስለ ኮኮናት። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ነው ተርፎ መሬቱን ያከራየው ሕዝብ ብቅ የሚለው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ስሙ ሳይጠራ።

እንደ ኤሌካና ያሉ የደሴቶቹ ልጆች በካታሎግ ርዕስ ላይ እምብዛም አይወጡም። «መምህር» ወይም «የአገሬው ሰው» በሚል ቃል መሐል ተደብቀዋል። እነዚህን ቃላትም በእንግሊዝኛ ሰርች አድርጉ፣ ስሙንም በሁለት በሦስት አጻጻፍ ሞክሩ።

ያገኛችሁትን ገጽ ስክሪንሾት ስታደርጉ የሳጥኑን፣ የማኅደሩንና የጥቅሉን ቁጥር እዚያው የፋይሉ ስም ላይ ጻፉት። ለቤተ መዛግብቱ ኢሜይል ስትልኩም «ስለ ፓስፊክ ያላችሁን ሁሉ» አትበሉ። የመርከቧን ስም፣ ዓመቱንና የሳጥኑን ቁጥር ስጧቸው።