ንብና ንብ መሳይ ዝንብ ስትለዩ የምትሳሳቱት እዚህ ጋ ነው

መስከረም ገብቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ ስልኬ በፎቶ ይሞላል። "ግቢያችን ንብ ወሮታል፣ ያንተ ናቸው?" ይሉኛል። ከፍቼ ሳይ ብዙ ጊዜ ንብ ሳይሆን ንብ መሳይ ዝንብ ነው።

በቀለም መለየት ተዉት። ቢጫና ጥቁሩን ነው እኮ ዝንቡ የኮረጀው፣ ወፍ "ይሄ ይናደፋል" ብላ ፈርታ እንድትተወው። በዛ ላይ እኛ ደጋ ላይ ያሉ ንቦች ብዙዎቹ ጠቆር ያሉ ስለሆኑ በቀለም የሄደ ሰው ዝንቡን ንብ፣ ንቧን ዝንብ ብሎ ቁጭ ይላል።

የሚያንገበግበኝ ግን የክንፍ ቆጠራው ነው። ንብ አራት ክንፍ፣ ዝንብ ሁለት፣ እሱ ልክ ነው፣ ግን አበባ ላይ ቁጭ ያለች ንብ አራቱን ለማን ታሳያለች? የኋለኞቹ ትንንሽ ናቸው፣ ጠርዛቸው ላይ ባሉ ጥቃቅን መንጠቆዎች ከፊተኞቹ ጋር ተያይዘው እንደ አንድ ክንፍ ነው የሚበሩት። ባለፈው አንድ ልጅ ሁለት የኋላ እግሯ ላይ የአበባ ብናኝ አድቦልቡላ የያዘች ንብ ፎቶ ልኮልኝ "ሁለት ክንፍ ነው ያላት፣ ዝንብ ናት" ብሎ ድርቅ አለ! ዝንብ ብናኝ ቢነካው ፀጉሩ ላይ ይበተንበታል እንጂ እግሩ ላይ እንክብል አይሰራም። እኔም ስጀምር በክንፍ ነበር የምለየው፣ የሞተች ንብ መዳፌ ላይ አድርጌ በመርፌ ጫፍ ክንፏን እስክለያየው ድረስ ብዙ ተሳስቻለሁ።

አንቴናውን እዩ። የንብ ረዘም ብሎ እንደ ክርን ይታጠፋል። የዝንቡ ግንባሩ ላይ የተለጠፈች አጭር ጉጥ ናት፣ ከሷ ላይ አንዲት ቀጭን ፀጉር ወጥታ።

"ዓይኑ ትልቅ ከሆነ ዝንብ ነው" የምትሉ ደግሞ ድንጉላን፣ ማለትም ወንዱን ንብ፣ አትርሱ፣ የሱም ዓይን ግዙፍ ነው፣ አናቱ ላይ ይገጥማል። በንድፊያ ለመለየትም አትሞክሩ፣ ድንጉላም አይናደፍም።

አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ድንገት ሽው ካለ ባብዛኛው ዝንብ ነው።

አንድ ወዳጄ "ከበረቱ ጀርባ የንብ መንጋ ሰፍሯል" ብሎ ጠራኝ፣ ቀፎውን በወይራ አጥኖ ሰቅሎ ጨርሷል። ስሄድ የከብት ሽንትና እበት የተጠራቀመበት ጉድጓድ አለ፣ ውስጡ ነጫጭ ትሎች፣ እያንዳንዱ እንደ አይጥ ጭራ የረዘመ ቱቦ ወደ ላይ ዘርግቶ በሱ ይተነፍሳል። ከዛ ነበር "ንቦቹ" የሚወጡት። የጥንት ሰዎች ንብ ከበሬ ሬሳ ይወለዳል ብለው ያምኑ የነበረው ይሄንኑ ዝንብ አይተው ነው ብሎ ኦስተን ሳከን የሚባል የዝንብ አጥኚ በ1890ዎቹ ጽፏል፣ ወዳጄ ላይ አልፈረድኩም። መድኃኒት ልርጭ ሲል ግን በጣም ተቆጣሁ፣ ጎኑ ያለው ጎመን አበባ ላይ ነው፣ እውነተኛዎቹም ንቦች እዛው ናቸው። ዝንቡም ቢሆን አበባ ያዳቅላል። ጉድጓዱን ብቻ አፋሰስነው።

ፎቶ ስትልኩልኝ እባካችሁ ከላይ አታንሱት፣ ከፊት ለፊት ቀርባችሁ ግንባሩ እንዲታይ አድርጋችሁ አንሱት።