ከመግዛታችሁ በፊት ንቀሉ፦ የቤት ሙዚቃን በጠራ መብራትና በአጭር መንገድ ማሳመር

ደህና ስፒከርና ደህና አምፕሊፋየር ቤቱ እያለ ሙዚቃው የማይጥመው ሰው ብዙ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ከስፒከሩ «እምምም» ይሰማል። ክራሩ ሲመታ ጥሩ ነው፤ የክሩ ድምፅ እየሳሳ ሲሄድ ግን መጨረሻው በጫጫታ ይዋጣል። ሰውየው ታዲያ ወይ ስፒከር ይቀይራል፣ ወይ መርካቶ ወርዶ ወፍራም ኬብል ይገዛል። ጫጫታው ግን ንቅንቅ አይልም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም። አንድም ከሶኬቱ ጋር አብሮ የሚገባ ቆሻሻ ነው፣ አንድም ሙዚቃው ከስልክ ተነስቶ አምፕሊፋየሩ ጋ እስኪደርስ የሚዞረው ዙር ነው። ሁለቱንም ለማስተካከል ከመጨመር መቀነስ ይቀድማል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ለጊዜው ኪሳችሁ ውስጥ ተዉትና በቅደም ተከተል እንሂድ።

1. ጫጫታውን ለዩት

ዕቃውን በሙሉ አብሩ፤ ሙዚቃ ግን አትክፈቱ። ቮልዩሙን ሁልጊዜ የምታዳምጡበት ልክ ላይ አድርጉና ጆሯችሁን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ።

ወፍራም «እምምም» ከሆነ የመብራቱ የራሱ ድምፅ ነው። የእኛ አገር መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ የምትሰሙት 50 ወይም እጥፉን 100 ነው። አሜሪካ ያላችሁ 60 እና 120 ትሰማላችሁ። ከጀርባው ብዙ ጊዜ የኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) ጣጣ ወይም የላላ ኬብል አለ። ቀጭን፣ የሚቆረቁር «ዝዝዝ» ከሆነ ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖል ወይም ዲመር (የአምፖል ብርሃን ማደብዘዣ) ጠርጥሩ። «ሽሽሽ» አብዛኛውን ጊዜ የአምፕሊፋየሩ የራሱ ነው፤ ከተቀመጣችሁበት ካልተሰማ እለፉት። ፍሪጁ ሲነሳና ሲቆም «ጧ» ይላል። «ድድድ ድድ» የሚለው ደግሞ የስልክ ነው። 2ጂ ላይ ያለ ስልክ ሲግናሉን በሰከንድ 217 ጊዜ ገደማ እየቆራረጠ ስለሚልክ አጠገቡ ያለው አምፕሊፋየር ይይዘዋል። ስልኩን ራቅ ማድረግ ይበቃል።

ሁለት ነገር ደግሞ አረጋግጡ። አንደኛ፣ ድምፁ የሚመጣው ከስፒከሩ ነው ወይስ ከአምፕሊፋየሩ ሳጥን? ሳጥኑ ራሱ የሚያጉረመርም ከሆነ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር እየተንቀጠቀጠ ነው፤ የድምፅ ኬብል ብትቀያይሩ ለውጥ የለውም። ሁለተኛ፣ አምፕሊፋየሩን አጥፉና ከኋላው የተሰኩትን የድምፅ ኬብሎች ሁሉ ንቀሉ፤ ከዚያ መልሳችሁ አብሩት። ዝም ካለ ችግሩ የሚመጣው ከስልኩ፣ ከቲቪው ወይም ከላፕቶፑ በኩል ነው። ካላለ ከመብራቱ ወይም ከአምፕሊፋየሩ ነው። ይህች ሙከራ ብዙ ወጪ ታድናለች።

2. አንድ በአንድ ንቀሉ

ሳሎን ውስጥ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚውለውን እዩ። የስልክ ቻርጀር፣ የዋይፋይ ራውተር፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ የቲቪ ቦክስ፣ የሚሞላ የእጅ ባትሪ። እነዚህ ሁሉ ውስጣቸው መብራቱን በሰከንድ በአስር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ወደ ትንሽ ቮልት የሚያወርድ ሰርኪዩት አላቸው። በደንብ የተሠራው ከዚህ የሚወጣውን ጫጫታ የሚያፍን ማጣሪያ አለው። መንገድ ላይ የሚሸጠው ርካሽ ቻርጀር ግን ዋጋው የረከሰው ማጣሪያውን በመቀነስ ጭምር ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው ግን ምጣዱን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል፤ ሲበራ የቤቱን ቮልት ዝቅ ሊያደርገው፣ አምፖሉንም ሊያደበዝዘው ይችላል። ነገር ግን ምጣድ ማለት የሚግል ሽቦ ነው፤ መብራቱን አይቆራርጥም፣ ስለዚህ «ዝዝዝ» አያመጣም። እንጀራው እየተጋገረ ሙዚቃችሁን ስሙ። ነገረኛው ያ አውራ ጣት የሚያክለው ቻርጀር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እናንተ ስፒከሩ ጋ ቁሙ፤ ቤት ያለ ሰው አንድ በአንድ ይንቀል። «ዝዝዝ»ው ሲጠፋ አገኛችሁት። የተያዘውን ቀይሩት፣ ወይም ሌላ ክፍል ሰክታችሁ ተጠቀሙበት። አምፖሎችንም እያጠፋችሁ ሞክሩ።

3. ዲቫይደሩን እዩ

አምፕሊፋየሩ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ። የግድ ዲቫይደር ካስፈለገ የሙዚቃ ዕቃው ብቻውን አንድ ደህና ዲቫይደር ይኑረው፤ ቻርጀርና ራውተር ሌላ ላይ ይሂዱ። ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር መሰካት ይቅር። ለድምፅም ለእሳትም ጥሩ አይደለም።

ስትገዙ ክብደቱን በእጃችሁ ለኩት፤ በጣም የቀለለውን ጠርጥሩ። አንዳንዱ ከውጭ ሲያዩት የኧርዝ ብረት አለው፣ ውስጡ ግን ወደ ግድግዳው የሚሄድ የኧርዝ ሽቦ የለም። ሻጩ በሜትር ለክቶ ቢያሳያችሁ ጥሩ ነው። መሰኪያው ሲገባ የሚላላ፣ ሲነካ ጭር ጭር የሚል ከሆነ አትውሰዱት።

ቡፌው ኋላ የተጠላለፈውን ኬብልም ለዩት። የመብራት ገመድና የድምፅ ኬብል ጎን ለጎን አብረው አይጓዙ። መገናኘታቸው ግድ ከሆነ ተሻግረው ይለፉ፣ እንደ መስቀል። እግረ መንገዳችሁን ስፒከሮቹን ከቡፌው ውስጥ አውጧቸው። የቡፌው ሳጥን ባሱን ያጉረመርመዋል፣ መስታወቱም አብሮ ይዘፍናል። ከግድግዳ ትንሽ ራቅ፣ ሳጥኑ ላይ ያለችው፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር ደግሞ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ትሁን። በነፃ ከሚገኙት ማሻሻያዎች ይህን የሚያክል የለም።

4. ኧርዝ፣ ላፕቶፕና ዲሽ

ላፕቶፕ ቻርጅ ላይ ሆኖ የብረት አካሉን ስትነኩት ጣታችሁን ነዘር አድርጓችሁ ያውቃል? ያ ከቻርጀሩ የሚያልፍ በጣም ትንሽ ኩረንት ነው። ወደ ኧርዝ መውጫ ስላጣ አካሉ ላይ ይቀራል። ላፕቶፑን በኦክስ ኬብል ከአምፕሊፋየሩ ጋር ስታገናኙት በኬብሉ የውጭ ሽቦ በኩል ይሄዳል፤ እናንተም «ዝዝዝ» ትሰማላችሁ። ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ሞክሩት። ጸጥ ካለ ነገሩ ታወቀ።

የኧርዝ መጥፋት ብቻ ሳይሆን የኧርዝ መብዛትም ያጉረመርማል። አምፕሊፋየሩ በሶኬቱ በኩል ኧርዝ አለው እንበል። ከቲቪው ጋር በቀይና ነጭ ኬብል ተያይዟል። ቲቪው ከሪሲቨሩ፣ ሪሲቨሩ ጣሪያ ላይ ካለው ዲሽ። አሁን ሁለት የመሬት መንገድ ሆነ፤ በመካከላቸው የሚዞረው ትንሽ ኩረንት ደግሞ የእናንተን የድምፅ ኬብል መተላለፊያ ያደርገዋል። የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ጀርባ ፈታችሁ ስሙ። «እምምም»ው ከጠፋ ይኸው ነው።

መፍትሔው ኦፕቲካል ኬብል ነው። ቶሺባ በ1983 ያወጣው ይህ ኬብል ድምፁን በብርሃን ስለሚያሳልፍ በሁለቱ ዕቃዎች መካከል የኤሌክትሪክ ግንኙነት አይኖርም። አብዛኛው ቲቪ ከኋላው መውጫው አለው። አምፕሊፋየራችሁ መግቢያ ከሌለው ትንሽ መቀየሪያ ሳጥን ትገዛላችሁ።

አደራ፣ የማይደረግ ነገር አለ። «እምምም»ውን ለማጥፋት የመሰኪያውን የኧርዝ ብረት መቁረጥ ወይም በፕላስተር መሸፈን። ድምፁ ሊጠፋ ይችላል፤ አንድ ቀን ዕቃው ውስጥ ሽቦ ቢላቀቅ ግን የብረት ሳጥኑ 220 ቮልት ይይዛል። ቤታችሁ ኧርዝ ከሌለው ኤሌክትሪሽያን ጠርታችሁ በደንብ አስቀብሩ። የአምፕሊፋየሩንም ክዳን አትክፈቱ። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) የያዙት ቻርጅ ይቆያል።

5. ስታብላይዘር፣ ኢንቨርተር፣ ከውጭ የመጣ ዕቃ

ስታብላይዘር የወረደ ወይም የወጣ ቮልት ያስተካክላል፤ ጫጫታ አያጣራም። ሰፈራችሁ ቮልቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ያስፈልጋል፤ «ድምፅ ያጠራል» ብሎ መግዛት ግን ከንቱ ነው። ከአምፕሊፋየሩም አርቃችሁ አስቀምጡት። መብራት ሲሄድ ዕቃውን ንቀሉ፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታገሱ፣ ያኔ ነው ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው።

ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ዕቃ) ያላችሁ ደግሞ ዓይነቱን እዩ። ርካሹ የሚሰጠው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው። ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር እሱ ላይ ሲሰካ ያጓራል። ለሙዚቃ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የተባለውን፣ ሞገዱ ለስላሳ የሆነውን ያዙ።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከውን ዕቃ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ችግር የለም። 120 ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር ብትሰኩት ያልቅለታል። የሸክላ ማጫወቻ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። አንዳንዱ ሞተር የሚዞረው በመብራቱ ሄርዝ ልክ ነው። ለ60 የተሠራው በ50 ሲሄድ፣ ቮልቱ ቢስተካከልም፣ በደቂቃ 33 ዙር የነበረው ወደ 28 ይወርዳል። ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል።

ሺዎች ብር ስለሚያወጣው «የኦዲዮ» የመብራት ገመድ ደግሞ ቁርጡን ልንገራችሁ፤ አትግዙ። ከምሰሶ እስከ ሶኬታችሁ ተራ ሽቦ አቋርጦ የመጣን መብራት የመጨረሻዋ ሜትር አታከብረውም።

6. ዲጂታሉን መንገድ አሳጥሩት

«ዲጂታል እኮ ዜሮና አንድ ነው፤ ጫጫታ ምን ያደርገዋል?» ይባላል። ልክ ነው፣ ቁጥሩን አይለውጠውም። ጫጫታው የሚገባው በዚያው ኬብል ታዝሎ ነው፤ ቁጥሩ ወደ ድምፅ ሞገድ የሚቀየርበት ቦታ ሲደርስ ይቀላቀላል። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ያለው ዕቃ ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ከፋይሉ ጀምሩ። በ1982 ገበያ የወጣው ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይዟል። በቴሌግራም የሚዞረው ዘፈን ብዙ ጊዜ ከዚህ በጣም ባነሰ ኪሎቢት የተጨመቀ ነው። ከዩቲዩብ ገልብጦ «320» ብሎ መጻፍ ደግሞ ፋይሉን ያወፍረዋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ሲዲው ካላችሁ በፍላክ (ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ገልብጡት። ድሮ በካሴት የተቀረፀ ከሆነ ግን «ሽሽሽ»ው ከካሴቱ ነው፤ ዕቃችሁን አትውቀሱ።

ቀጥሎ ስልኩ። ኢኳላይዘሩን፣ ባስ ማጉያውን፣ «ሰራውንድ» የሚለውን ሁሉ አጥፉ። ባስ ከፈለጋችሁ አንድ ቦታ፣ አምፕሊፋየሩ ላይ ጨምሩ። የስልኩን ቮልዩም ወደ ላይኛው ጫፍ አስጠጉና የአምፕሊፋየሩን ቀንሱ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርገዋል። ስልኩ ዝቅ ብሎ አምፕሊፋየሩ ሲለቀቅ «ሽሽሽ»ውም አብሮ ያድጋል።

ብሉቱዝ መጥፎ አይደለም፤ የተለመደው የብሉቱዝ ድምፅ መጭመቂያ፣ ኤስቢሲ፣ በሰከንድ እስከ 328 ኪሎቢት ገደማ ያሳልፋል። ሆኖም በመንገድ ላይ ሙዚቃው እንደገና ይጨመቃል። ቁጭ ብላችሁ ለምታዳምጡት በሽቦ አገናኙ።

ለዚህ ዳክ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ክፍል ማለት ነው። ትልቅ ሳጥን አያስፈልገውም። አፕል የሚሸጣት ከዩኤስቢ-ሲ ወደ ኢርፎን የምትቀይር አጭር ገመድ ጫፏ ላይ ዳክ አላት፣ ያውም ጥሩ። በአንዳንድ አንድሮይድ ስልክ ግን ድምፁ ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ሞክራችሁ ግዙ። በደህና ዳኮች መካከል ያለው ልዩነት ከሚወራው በጣም ያንሳል። አንዷን ቻርጀር መንቀል የበለጠ ሊሰማችሁ ይችላል።

እጃችሁ ቴክኖሎጂ የሚነካካ ከሆነ ራስበሪ ፓይ የተባለች ትንሽ ኮምፒውተር አለችላችሁ። ስክሪን የላትም፤ ሙዚቃ ለማጫወት ብቻ ትመድቧታላችሁ፣ በስልክ ታዙዋታላችሁ። ሞዴል 4 ከሆነች 5 ቮልት 3 አምፔር የሚሰጥ ደህና አዳፕተር ትፈልጋለች። እኛ ጋ መብራት በድንገት ስለሚሄድ የሚሞሪ ካርዷ ሊበላሽ ይችላል። ፒኮር ፕሌየር የተባለው ሶፍትዌር ከተነሳ በኋላ ካርዱ ላይ ሳይሆን ራም (ጊዜያዊ ሚሞሪ) ላይ ስለሚሠራ ለዚህ ይመቻል።

እኔን ከጠየቃችሁ ግን ከዚያም የሚቀለውን እመርጣለሁ። መሳቢያ ውስጥ የተጣለ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አታጡም። ሲም ካርዱን አውጡ፣ ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት፣ ሙዚቃውን ሚሞሪ ካርድ ላይ ጫኑ፣ ትንሿን ዳክ ሰክታችሁ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኙት። በባትሪ ስለሚሠራ ከቤቱ መብራት ጋር በራሱ በኩል አይገናኝም፤ ሲግናልም ማስታወቂያም አይገባበትም።  ግድግዳ ላይ የሚሰካው ማዳመጥ ስታቆሙ ነው።