ውጭ ሀገር አስቤዛ ስትገዙ ቀኑን እንዲህ አንብቡ፦ ከሰሜን ሸዋ ለምትሄዱ

ዲቪ የደረሰው፣ ቪዛ የተመታለት፣ በቤተሰብ ጥሪ የሚሄድ ሰው ደብረ ብርሃን ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ስለ ሥራ፣ ስለ መንጃ ፈቃድና ስለ ቤት ኪራይ ነው። ከሄደ በኋላ ግን ፎቶ ይልክልኛል። የወተት ፎቶ። የእንቁላል ካርቶን ፎቶ። የሕፃን ዱቄት ወተት ፎቶ። «ይኼ ዴቱ አልፏል እንዴ? ልጣለው?» ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይልካል። ከአሁን በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምልከው ይኼን ጽሑፍ ነው።

ብዙ ዓመት የኖርኩት ሜሪላንድ ስለሆነ በደንብ የማውቀው የአሜሪካውን ነው። ስለ ካናዳ፣ ስለ አውሮፓና ስለ ዓረብ ሀገርም የምለው አለኝ፤ እሱ አጠር ይላል።

እኛ ያደግነው በአፍንጫችንና በዓይናችን እየገዛን ነው። ቅቤ ቆንጠር ተደርጎ ይሸተታል። እንቁላል ለፀሐይ ይያዛል፣ ወይም ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ከተንሳፈፈ አይገዛም። ሥጋ ከሆነ ጠዋት የታረደ ነው። የሱቅ ዘይትና ፓስታ ላይ የተመረተበትና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን እንዳለ ብናውቅም አገላብጦ የሚያይ ጥቂት ነው። ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ ብዙ ነገር ይሸፍንልናል። ማታ የተሠራ ወጥ ምድጃው ላይ ያድራል፤ ጠዋት ይሞቅና ይበላል። የሸዋ ሮቢት ልጅ እንዲህ አያደርግም፤ ሙቀቱ አስተምሮታል። ሜሪላንድ ደግሞ በበጋዋ ከሸዋ ሮቢት አትሻልም። በክረምትም ቢሆን ቤቱ በማሞቂያ ይሞቃል። ስለዚህ የመንዝ፣ የአንኮበርና የደብረ ብርሃን ልጆች፣ ወጥ ውጭ ማሳደሩን እዚሁ ትታችሁት ሂዱ። የበሰለ ምግብ፣ ሥጋና ወተት ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም። ፍሪጁም ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ መብለጥ የለበትም፤ በእነሱ ፋራናይት 40 ነው።

አፍንጫ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ግን አይበቃም። ሳልሞኔላም ሊስቴሪያም የሚባሉት በሽታ አምጪ ተህዋሶች ያሉበት ምግብ ምንም ላይሸት ይችላል። ሊስቴሪያማ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ የታሸገ ቀዝቃዛ ሥጋ በዳቦ ከመብላታችሁ በፊት እንፋሎት እስኪወጣው አሙቁት፤ ሊስቴሪያ ለእናንተ ቀላል ቢመስልም ለፅንሱ አደገኛ ነው።

ወደ ቀኑ ልግባ። አሜሪካ ውስጥ ከሕፃን ዱቄት ወተት በስተቀር ምግብ ላይ ቀን እንዲጻፍ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። አምራቹ በራሱ ግምት ይጽፋል፣ ክፍለ ግዛቱ ደግሞ የራሱን ሕግ ያወጣል። ይህን ያህል ትልቅ ሀገር አንድ ወጥ አጻጻፍ ለማውጣት መቸገሩ ያበሳጨኛል። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለሸማቹ የሚታይ «ሴል ባይ» (እስከዚህ ቀን ሽጡ) የሚል ጽሑፍ እንዳይኖር በሕግ ከልክላለች። ሌላው ቦታ ግን ከቁጥሩ ጎን ያለውን ጽሑፍ ራሳችሁ መለየት አለባችሁ።

«ሴል ባይ» የሚለው ለእናንተ የተጻፈ አይደለም። ባለሱቁ እስከ መቼ መደርደሪያ ላይ እንደሚያቆየው የሚነግረው ነው። ወተት ላይ ይህ ቀን ትናንት ከሆነ ወተቱ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ በደንብ ከቀዘቀዘ ጥቂት ቀናት ይቆያል። «ቤስት ኢፍ ዩዝድ ባይ» ወይም «ቤስት ባይ» የጣዕምና የጥራት ቀን ነው። ካለፈ ብስኩቱ ይለሰልስ ይሆናል እንጂ አይመርዝም። «ዩዝ ባይ»ም ቢሆን አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው አምራቹ ጥራቱን የሚገምትበት የመጨረሻ ቀን ነው። ቶሎ የሚበላሽ ነገር ላይ ግን እኔ እንደ ቁርጥ ቀን ነው የማየው። ሕፃን ወተት ላይ ከሆነ ምንም ድርድር የለውም። ከዚያ ቀን በኋላ አትግዙ፣ ከገዛችሁም አትስጡ። ቀኑ እስኪደርስ ድረስ በጣሳው ላይ የተጻፈው ንጥረ ነገር በተጻፈው መጠን እንደሚገኝ አምራቹ ያረጋገጠበት ነውና።

አሁን ረዘም አድርጌ የምጽፈው እኔ ራሴ የተበላሁበትን ነው፤ የቀንና የወር ቅደም ተከተል።

የእህቴ ልጅ ገና አራስ ነበረች። ዱቄት ወተት ውድ ነው፣ የመንግሥት ድጋፍ ለማግኘት የተያዘው ቀጠሮም አልደረሰም። አንድ ትንሽ ሱቅ በር ላይ በቅርጫት ተቆልሎ በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ አገኘሁ። ጣሳውን ገለበጥኩት። ሥሩ ላይ ደብዘዝ ባለ ጥቁር ቀለም 05 11 ይላል፣ ከዚያ ዓመቱ አለ። ጊዜው ጁላይ ነበር። እንደ ሀገሬ ቀኑን አስቀድሜ አነበብኩትና ኖቬምበር 5 አልኩ። ገና ብዙ ወር አለው ብዬ ያለውን ሰብስቤ ገዛሁ። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚቀድመው ወሩ ነው። ሜይ 11 ነበር፤ ያለፈበት ነው። የነገረችን ልጅቷን ለክትባት ስንወስድ ጣሳውን ያየች ነርስ ናት። እግዚአብሔር ይመስገን ሕፃኗ ደህና ነበረች። ጣሳውን ይዤ ሱቁ ስመለስ ሰውዬው የቅናሽ ዕቃ አይመለስም አለኝ። ቅርጫቱ ያኔም እዚያው በር ላይ ነበር፤ ሌሎች እናቶች እየመረጡ ነው። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ስሙኝ። ዓመቱ ለብቻው ተጽፎ ከቀሩት ሁለት ቁጥሮች አንዱ ከ12 ከበለጠ ችግር የለም። 05 23 ካለ 23ኛ ወር ስለሌለ ሜይ 23 ነው። አደጋው ሁለቱም 12 ወይም ከዚያ በታች ሲሆኑ ነው። 03 07፣ 04 09፣ 05 11፣ እንዲህ ያለ ስታዩ ቁሙ። አሜሪካ ከሆናችሁ ወሩ የመጀመሪያው ነው። ከውጭ የገባ ዕቃ ከሆነ ግን፣ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ያለው ብዙው እንዲህ ነው፣ ቀን ሊቀድም ይችላል። ጎኑ ያለውን ሌላ ጣሳ አንሱና ቀኑን አስተያዩ። ካልለየላችሁ ተዉት። የዋጋ ወረቀት ቀኑ ላይ ተለጥፎ ካገኛችሁ ልጣችሁ እዩ፤ ካልለቀቀ አትግዙ። ሰው ቀኑ ላይ ወረቀት የሚለጥፈው ሁልጊዜ በስህተት ነው ብዬ አላምንም።

የወር ቁጥሩም ያሳስታል። 6 ሲባል በእኛ ጭንቅላት የሚመጣው የካቲት ነው። የፈረንጁ 6 ግን ጁን ነው፤ በእኛ ከግንቦት መጨረሻ ተነስቶ አብዛኛው ሰኔ ላይ ያርፋል። አንድ ቀላል መንገድ አለ። በፈረንጁ የወር ቁጥር ላይ አራት ጨምሩ፣ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱ። 6 ሲደመር 4 አስር ነው፣ ሰኔ። 9 ሲደመር 4 አሥራ ሦስት፣ 12 ሲቀነስ አንድ ይቀራል፣ መስከረም። የፈረንጁ ወር የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለፈው የእኛ ወር ላይ ይወድቃሉ፤ ለቀሪው አብዛኛው ወር ግን አይስትም። ከሁሉ የሚሻለው ስልካችሁን በፈረንጁ አቆጣጠር አድርጎ እሱን መልመድ ነው። ከሄዱ በኋላም «ዛሬ በእነሱ ስንት ነው?» ብለው የሚደውሉልኝ አሉ። ይኼ ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ዱቄት ወተት ከተከፈተ በኋላ ጣሳው ላይ ያለው ቀን አይሠራም። በአንድ ወር ውስጥ ማለቅ አለበት። የከፈታችሁበትን ቀን ክዳኑ ላይ ጻፉ። የተበጠበጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠጣል፣ ወይም ወዲያው ፍሪጅ ገብቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ሕፃኑ ጠጥቶ ያስተረፈው ይደፋል። ያሳዝናል፣ ግን ይደፋል። ነፍሰ ጡር ወይም የሕፃን ልጅ እናት ከሆናችሁ ዊክ ስለሚባለው የመንግሥት የምግብ ድጋፍ በደረሳችሁ ሰሞን ጠይቁ፤ የቅናሽ ቅርጫት ውስጥ ወተት ከመፈለግ ያድናችኋል።

እንቁላል ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የግብርና ሚኒስቴሩ ማኅተም ባለበት ካርቶን ጫፍ ላይ ሦስት አሃዝ ታገኛላችሁ። የታሸገበት ቀን ነው፣ ከዓመቱ መጀመሪያ ተቆጥሮ። 001 ጃንዋሪ 1 ነው፣ 365 ዲሴምበር 31። ትልቁን ቁጥር ያለውን ካርቶን ምረጡ፤ በዓመቱ መባቻ ብቻ አስቡበት። ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ይቆያል። እንደ ሀገር ቤት ቅርጫት ውስጥ ውጭ አታስቀምጡት። የእነሱ እንቁላል ታጥቦ ነው የሚሸጠው፤ መከላከያ ሽፋኑ ስለሚነሳ ቅዝቃዜ ይፈልጋል።

ሥጋ ላይ የምናገረው ብዙዎቻችሁን ያስቀይማል። ሱፐርማርኬት ውስጥ በፕላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥ የተፈጨ ሥጋ ለክትፎ አይሆንም። ቀኑ ነገ ቢሆንም፣ የዛሬ ቢሆንም አይሆንም። ያ ቀን የተጻፈው አብስሎ ለሚበላ ሰው ነው። የተፈጨ ሥጋ ውስጥ የብዙ ከብት ሥጋ ይቀላቀላል፤ ከላይ ያለው ተህዋስ ሲፈጭ ወደ ውስጥ ይገባል። አሜሪካ በፈረንጁ 1994 ኢ ኮላይ ኦ157 የሚባለው ተህዋስ የተገኘበት የተፈጨ ጥሬ ሥጋ እንዳይሸጥ የወሰነችው ሕፃናት ሞተው ነው። ትንሣኤ ደርሶ አምሮታችሁን መቻል ካቃታችሁ ለብለብ ሳይሆን በደንብ አብስሉት። ለልጅ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋዊ ጥሬውም ለብለቡም ጭራሽ አይታሰብም። የተፈጨ ሥጋና ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ነው ዕድሜው። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ በገዛችሁበት ቀን ፍሪዘር አስገቡት። በረዶ የሆነ ሥጋ ቀኑ ቢያልፍም አይመርዝም፤ ጣዕሙ ነው የሚቀንሰው።

የታሸገ ባቄላና ቲማቲም ቀኑ ጥቂት ወር ቢያልፍም አልፈራም። የምፈራው ያበጠ፣ የሚያፈስ ወይም መገጣጠሚያው ላይ የተጨረመተ ቆርቆሮን ነው። ያበጠውን ቀምሳችሁ እንዳትፈትኑት። ሳትከፍቱት ጣሉት።

ከሀገር ቤት የሚላከው በርበሬና ሽሮ ቀን የለውም። እናታችሁ ስታሽግ የተፈጨበትን ቀን በፕላስተር ላይ እንድትጽፍ ንገሯት። እርጥበት ነክቶት ከሻገተ ጣሉት፤ የሻጋታው መርዝ በማቁላላት አይጠፋም። እንጀራም ላይ እንዲሁ ነው። አረንጓዴውን ነጥብ ቆርሶ ቀሪውን መብላት የተለመደ ነው፣ ግን ሥሩ ከሚታየው አልፎ ሄዷል።

ካናዳ የምትሄዱ፣ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ ነው የሚጻፈው። ወሩ በሁለት ፊደል ነው። ኤም አር ማርች ነው፣ ኤም ኤ ግን ሜይ ነው። ጄ ኤን ጁን፣ ጄ ኤል ጁላይ። እንግሊዝና የአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ቀን ይቀድማል። እዚያ «ዩዝ ባይ» የጤና ጉዳይ ነው፤ ካለፈ አይበላም። «ቤስት ቢፎር» የጥራት ነው።

ዓረብ ሀገር የምትሄዱ እህቶቼ፣ ዕቃው ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቀን አለ። «ኢንታጅ» ያለበት የተመረተበት ነው፣ «ኢንቲሃ» ያለበት የሚያበቃበት። የተመረተበትን አይታችሁ አልፏል ብላችሁ የእመቤቲቱን ዕቃ እንዳትጥሉ፤ ከደመወዝ የተቆረጠባትን አውቃለሁ። የዓረብኛውን ቁጥር ከመሄዳችሁ በፊት ተማሩ። ነጥብ የመሰለው ዜሮ ነው። ክብ የሆነው ዜሮ ሳይሆን አምስት ነው። ሰባት የሚመስለው ስድስት ነው። አፉን ወደ ላይ የከፈተው ሰባት፣ ወደ ታች የከፈተው ስምንት ነው።

አሜሪካ ውስጥ የምግብ እርዳታ ከሚሰጥ ቦታ ቀኑ ያለፈ ፓስታ ወይም ቆርቆሮ ቢሰጣችሁ ተናቅን አትበሉ። «ቤስት ባይ» የሚለው ያለፈ ደረቅ ምግብ መስጠት እዚያ የተለመደና የተፈቀደ ነው። የሕፃን ወተት ከሆነ ግን እዚያም ቀኑን እዩ።

ሱፐርማርኬት ስትገቡ ወተትና እርጎ ከኋላ ሳቡ። ሠራተኞቹ ቶሎ የሚያልቀውን ከፊት ነው የሚደረድሩት። ቀዝቃዛና ሥጋ የሆነውን መጨረሻ ላይ አንሱ፣ በቀጥታም ወደ ቤት ሂዱ። ደረሰኝ አትጣሉ። ቀኑ ያለፈ ዕቃ ቤት ገብቶ ካገኛችሁት በማግስቱ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ትልልቆቹ ሱቆች ያለ ክርክር ይለውጣሉ ወይም ገንዘቡን ይመልሳሉ። እንግሊዝኛ አልችልም ብላችሁ አትፈሩ። ቀኑን በጣት ማሳየት ይበቃል። ደረሰኙ ከጠፋም በምን ካርድ እንደከፈላችሁ ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ በካርዱ ፈልገው ያገኙታል።