ባለገመድ የደህንነት ካሜራ በቤት ኔትወርክ ላይ እንዴት እንደሚተከል

ቤት ከቤት በተጠጋጋባቸው የመሃል አዲስ አበባ ሰፈሮች የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ ስለሚጨናነቅ፣ ለግቢ ጥበቃ ገመድ አልባ ካሜራ አልመክርም። ምስሉንም የኤሌክትሪክ ኃይሉንም በአንድ የኔትወርክ ገመድ የሚያስተላልፈው ፒኦኢ ካሜራ ግን ዝርጋታው በጥንቃቄ ከተሠራ ለዓመታት ያገለግላል። ከካሜራዎቹ ሌላ ካሜራዎቹን አገናኝቶ ኃይል የሚሰጣቸው ፒኦኢ ስዊች፣ ኤንቪአር የሚባለው መቅጃ ከነሃርድ ዲስኩ፣ ካት 6 የሚባለው የኔትወርክ ገመድና መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ያስፈልጋሉ።

በመጀመሪያ ግቢውን ዞረው መታየት ያለባቸውን ቦታዎች ይለዩ፤ ለአብዛኛው ቤት የውጭው በር፣ የሳሎኑ መግቢያና ጓሮው ይበቃሉ። ካሜራው ከመሬት ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ከተሰቀለ የሚታየው የሰው አናት ነው። የጎረቤት መስኮት በምስሉ ውስጥ እንዳይገባም አቅጣጫውን ያስተካክሉ።

ገመዱ ላይ ፈጽሞ አይቆጥቡ። ካት 6 ተብሎ ከሚሸጠው መካከል መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም አለ፤ በረጅም ርቀት ኃይል ያባክናል፣ ሲታጠፍም በቀላሉ ይሰበራል። ከመግዛትዎ በፊት የአንዱን ሽቦ ልባስ ገፈው ጫፉን በምላጭ ይፋቁት፤ ከቀዩ ሥር ብርማ ነጭ ከታየ ለሻጩ ይመልሱት። ከስዊቹ እስከ ካሜራው ያለው ርዝመት ከ100 ሜትር አይለፍ። ገመዱን ከኤሌክትሪክ መስመሩ አርቀው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይዘርጉት፤ ካሜራው ጋ ሲደርስም ወደ መገጣጠሚያው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ እንዲንጠለጠል ያድርጉ፤ የክረምቱ ዝናብ ገመዱን ተከትሎ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ እዚያው ይንጠባጠባል።

ኮኔክተር ሲገጥሙ በሁለቱም ጫፎች ቅደም ተከተሉ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ይሁን።

ቀጥሎ ካሜራዎቹን ከስዊቹ፣ ስዊቹን ደግሞ ከመቅጃውና ከራውተሩ ጋር ያገናኙ። የስዊቹ ጠቅላላ ዋት ለሁሉም ካሜራዎች እንደሚበቃ አስቀድመው ያስሉ፤ ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ ፍጆታው ስለሚጨምር፣ ቀን ደህና የዋለ ካሜራ ሲመሽ እየጠፋ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል በዚያው ዕለት ይቀይሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ እጅግ ብዙ ካሜራዎችን የተቆጣጠረው ያልተቀየሩ የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ነበር። በዚሁ ምክንያት ካሜራውን በቀጥታ ለኢንተርኔት የሚያጋልጥ ፖርት በራውተሩ ላይ አይክፈቱ። ለእያንዳንዱ ካሜራ ቋሚ የአይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ይስጡ፤ የሰዓት ቀጠናውን +3 ላይ ያድርጉ፤ የእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት በመቅጃው ላይ 20:00 ተብሎ እንደሚጻፍም ለቤተሰቡ ያስረዱ። ፍሪኩዌንሲው 60 ላይ ከሆነ ወደ 50 ኸርዝ ይቀይሩት፤ አለበለዚያ በመብራት ሥር ምስሉ ይርገበገባል።

አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ በቀን 43 ጊጋባይት ያህል ይሞላል፤ ስለዚህ 4 ካሜራዎች ባሉበት ቤት ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ የሚይዘው የ11 ቀን ቀረጻ ነው። ዩፒኤሱ መቅጃውን፣ ስዊቹንና ራውተሩን አንድ ላይ ይያዝ።

በመጨረሻም ሲመሽ ቆጣሪው ላይ መብራቱን አጥፍተው፣ አንድ የቤተሰብ አባል ከውጭው በር እስከ ሳሎን እንዲራመድ ያድርጉና ቀረጻውን ይመልከቱ። ፊቱ ካልተለየ የካሜራውን አቅጣጫ አስተካክለው እንደገና ይሞክሩ፤ ብሎኖቹን ጠበቅ አድርገው የግድግዳውን ቀዳዳ በሲሊከን የሚደፍኑት ከዚያ በኋላ ነው።