ደሴ ላይ ጋቢ ልትገዙ ነው? ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት

የደሴን ብርድ የሚያውቅ ሰው ጋቢን እንደ ዋዛ አይገዛም። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ማታ ሲጀምር ጥሩ ጋቢና ስም ብቻ የሆነ ጋቢ ይለያሉ፤ ያኔ ግን ብሩ ከኪስ ወጥቷል። ስለዚህ ሰኞ ገበያ ስትወጡ ሳትቸኩሉ እዩ።

መጀመሪያ ስለ ክሩ ጠይቁ። ሙሉ ፈትል ከሆነ ድሩም (በቁመት የተዘረጋው ክር) ማጉም (በአግድም የሚገባው ክር) በእንዝርት የተፈተለ ነው። በብዛት የምታገኙት ግን ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል የሆነውን ነው። እሱም አይናቅም፣ ይሞቃል። ክፋቱ በሙሉ ፈትል ዋጋ ሲሸጥላችሁ ነው። ለመለየት ጣታችሁን ድሩ ላይ አስኪዱት፤ የእጅ ፈትል አንዱ ጋ ወፈር አንዱ ጋ ቀጠን ይላል፣ የፋብሪካው ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው።

ሻጩ "አብሽሩ፣ ንጹህ ጥጥ ነው" ይላችኋል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ግን ከዘርፉ አንዲት ክር ለምናችሁ ውሰዱና ከዕቃው ራቅ ብላችሁ በክብሪት አቃጥሏት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ብን ይላል። ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር እንክብል ይተዋል። ይህንን አልፈቅድም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደሚቀጥለው ሂዱ፣ ገበያው ሰፊ ነው።

ከሁሉ በላይ እንደታጠፈ አትግዙ! አስዘርጉት። ጋቢ አራት ንብርብር ስለሆነ ከውጭ ጥቅጥቅ ያለ መስሎ ውስጡ ሳስቶ የተሸመነ ሊኖር ይችላል፤ በሁለት እጃችሁ ቆንጥራችሁ ንብርብሮቹን ለያዩና አንዱን ብቻ ወደ ብርሃን አንሱት፣ ክሩ ተራርቆ ሰማዩ በደንብ ከታያችሁ ሁለት ክረምት አያሻግራችሁም። መሃል ላይ ሁለቱን ቁራጭ የሚያያይዘውን ስፌትም ጎተት አድርጋችሁ ፈትሹ። ጥለቱ ግራና ቀኝ ይገጥማል? ከዚያ ልበሱት። ትከሻ ላይ ተጣጥፎ እግር ጋ የማይደርስ ከሆነ ይቅርባችሁ፣ ጥጥ ሲታጠብ ደግሞ ትንሽ ይሰበሰባል።

ዋጋ ላይ ብዙ አልልም። "መጨረሻው ስንት ነው?" ብላችሁ ዝም በሉ፣ ሌላም ቦታ ጠይቁ። ገና ወይም ኢድ ሲደርስ ፈላጊው ስለሚበዛ ቀደም ብላችሁ ብትገዙ ይሻላል።

ቤት ስትገቡ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና እጠቡት። በረኪና አታስነኩት፣ ክሩን ይበላዋል። አትጠምዝዙት፣ ውሃው እንዲወርድ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ ዘርግታችሁ አስጡት።